የማይታየው ጨረር ምስክሮች

ኬ40 የሚባለው አነስተኛ የሌዘር መቁረጫ ከቻይና ፋብሪካዎች እየወጣ በዓለም ዙሪያ ወደ ጓዳዎች፣ ጋራዦችና ትናንሽ የእጅ ሥራ ቤቶች የገባ ማሽን ነው። ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ከላሜራ የተሠራ ሣጥን፣ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም የብርጭቆ ቱቦ፣ ሦስት ትናንሽ መስተዋቶች፣ አንድ ሌንስ፣ ሁለት ሞተሮችና በቺንጋ የሚጎተት ራስ አለው፤ የሚሠራበት ስፋት 30 በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በወለሉ መካከል ያለችው በሞላ የምትጨብጥ መያዣ ማሽኑ መጀመሪያ ለምን እንደታሰበ ትናገራለች፤ የማህተም ጎማ መቅረጫ ነበር። የገዙት ሰዎች ግን ከማህተም አልፈው ኮምፔንሳቶ ይቆርጡበታል፣ ቆዳ ላይ ሐረግ ይስሉበታል፣ ከአክሪሊክ ፊደል ያወጡበታል።

ስፒናው ሶኬት ላይ ከተሰካበት ሰዓት ጀምሮ የመጀመሪያው ንጹሕ ቁራጭ እስኪወድቅ ድረስ ብዙ ቀን ያልፋል። በእነዚህ ቀናት የሚከናወነው ተራ የጥገና ሥራ ይመስላል፤ ካቻቢቴ፣ ፕላስተር፣ ማስመሪያ፣ የተቃጠለ እንጨት። ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን ከጥንት ጀምሮ አሳቢዎችን ያስጨነቀ ጥያቄ በዚያች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል፦ ዓይን የማያየው ነገር ቀጥ ማለቱ በምን ይታወቃል?

ጥያቄው በዚህ ማሽን ላይ ቃል በቃል ይሠራል። የሚቆርጠው ብርሃን ነው፤ ይህን ብርሃን ግን ያየው የለም። የሰው ዓይን የሚቀበለው ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮ ሜትር ድረስ የሞገድ ርዝመት ያለውን ነው። ከቱቦው የሚወጣው ጨረር 10.6 ማይክሮ ሜትር ሲሆን ዓይን ሊያየው ከሚችለው የመጨረሻ ቀይ 15 ጊዜ ይረዝማል። ማሽኑ ሲሠራ በቱቦው ውስጥ የሚታየው ሐምራዊ ፍካት የጋዙ ነው፤ ቆራጩ ጨረር ከዚያ ፍካት መካከል ወጥቶ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምንም አይታይም። በአማርኛ ብርሃን ከመታየትና ከመገለጥ ጋር አብሮ የኖረ ቃል ነው፤ የተደበቀ ነገር ሲታወቅ ወደ ብርሃን ወጣ ይባላል። እዚህ ራሱ ብርሃኑ ተደብቋል፤ የሚያወጣውም ሌላ ነገር ያስፈልገዋል።

የዚህ ጨረር የዘር ሐረግ አጭር ነው። አልበርት አይንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ጉልበት ባዘለ አቶም ላይ የሚደርስ ብርሃን አቶሙን እርሱኑ የሚመስል ብርሃን ሊያስወጣው እንደሚችል በስሌት አሳየ። ሐሳቡ በዕቃ እስኪገለጥ ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ፤ ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሊቡ በተባለ ስፍራ በሩቢ ዘንግ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ሕንድ የተወለደው ኩማር ፓቴል በቤል ላቦራቶሪዎች የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሌዘር ሠራ። በርካሹ ማሽን ቱቦ ውስጥ የሚሠራው ዛሬም ይኸው ዓይነት ነው። ናይትሮጅን በኤሌክትሪክ ተመትቶ ጉልበት ይይዝና በግጭት ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ያቀብላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የተቀበለውን በጨረር መልክ ይለቃል፤ ሂሊየም የተረፈውን ሙቀት ወደ ቱቦው ግድግዳ ያሸሻል። ሰው በየትንፋሹ የሚያስወጣው ጋዝ በብርጭቆ ውስጥ ተዘግቶ እንጨት ይበሳል።

የማሽኑ ርካሽነት ከምን እንደመጣ በትክክል መረዳት ለሚቀጥለው ሥራ ሁሉ መሠረት ነው። በውድ ማሽን መስተዋቶቹን ባለሙያ በፋብሪካ አስተካክሏቸው ይመጣሉ፤ ክዳኑ ሲከፈት ጨረሩን የሚያቋርጥ ማብሪያ ተገጥሟል፤ ውሃው ካልፈሰሰ ቱቦው እንዳይበራ የሚያግድ መቆጣጠሪያ አለ። በርካሹ ብዙ ጊዜ እነዚህ የሉም። 40 ዋት ተብሎ የሚሸጠው ኃይል እንኳ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ዋት አካባቢ ነው። ዋጋው የወረደው ሥራው ስላነሰ ሳይሆን ወደ ገዢው ስለተሻገረ ነው፤ ገዢው ሳይቀጠር የፋብሪካው የመጨረሻ ሠራተኛ ሆኗል። ደኅንነትን በሚመለከተው ክፍል ይህ በደል ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት የማይጠፋ ሌዘር በምንም ዋጋ መሸጥ አልነበረበትም፤ የገዛውም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያችን ትንሽ ማብሪያ ገዝቶ መግጠም አለበት። በቀረው ክፍል ግን የተሻገረው ሥራ ዕውቀትንም ይዞ ተሻግሯል። ውድ ማሽን ያለው ሰው መስተዋቶቹ ልክ መሆናቸውን በእምነት ተቀብሎ ይኖራል። ርካሹን የገዛው ያን የሚያምንበት ምክንያት የለውም፤ ስለዚህ መመርመር ይማራል።

ከጨረሩ በፊት መሬትና ውሃ ይቀድማሉ። ቱቦውን የሚያስነሳው ኤሌክትሪክ ከ15,000 ቮልት በላይ ነው። ኤሌክትሪሲያኖች ኧርዝ የሚሉት የመሬት ሽቦ ከሣጥኑ ጋር በሚገባ ካልታሰረ፣ ከቤቱም በኩል እውነተኛ መሬት ካላገኘ፣ መንገዱን የሳተ ኃይል በሰው አካል በኩል መንገድ ያበጃል። የመጀመሪያው ሙከራ እንግዲህ ሌዘሩ ሳይበራ በቴስተር የሚደረግ ነው፤ ከስፒናው የኧርዝ ብረት እስከ ሣጥኑ ባዶ ላሜራ ድረስ መስመሩ አለመቋረጡ ይታያል፣ ቀለም ከተቀባ ቦታ ላይ የታሰረ ሽቦ ተፈትቶ ቀለሙ ተፍቆ እንደገና ይታሰራል። በደጋ አገር ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅን የማገድ ኃይሉ ያነሰ ነው። በቆላ ምንም ያላሳየ የቱቦ ጫፍ እዚህ ወደ ላሜራው ብልጭታ ሊያዘልል ይችላልና፣ ጫፉን የሸፈነው የሲሊኮን ልባስ ክፍተት እንደሌለው በተለይ መታየት አለበት።

ውሃው ቀላል ነው፤ ባልዲ፣ ትንሽ ፓምፕና ሁለት ጎማ። ማዕድን ያለበት የቧንቧ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍና ዝቃጭ ስለሚተው፣ ተንኖ የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ይመረጣል። ሙቀቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው፣ ከ25 ባያልፍ ይሻላል፤ በሞቃት አገር ውሃ ሞልተው በረዶ ያደረጉት የፕላስቲክ ጠርሙስ ባልዲው ውስጥ ይጨመራል። ከሙቀቱ ይበልጥ የሚያሰጋው የአየር አረፋ ነው። አረፋ በተኛበት ቦታ ብርጭቆው ውሃ አያገኝምና ይሰነጠቃል፤ ማሽኑን በአንድ ጎኑ አንስቶ የመጨረሻዋ አረፋ እስክትወጣ መጠበቅ የቱቦውን ዕድሜ የሚወስን ትዕግሥት ነው።

ከዚህ በኋላ መስተዋቶቹ ይመጣሉ። ጨረሩ ከቱቦው ወጥቶ በሣጥኑ የኋላ ጥግ ያለውን የመጀመሪያ መስተዋት ይመታል፤ ከዚያ ወደ ፊት ታጥፎ በተንቀሳቃሹ ድልድይ ጫፍ ላይ ያለውን ሁለተኛውን ያገኛል፤ ከሁለተኛው ወደ ጎን ታጥፎ በራሱ ላይ ወዳለው ሦስተኛ ይሄዳል፤ ሦስተኛው ቁልቁል ወደ ሌንሱ ይልከዋል። ድልድዩና ራሱ ስለሚንቀሳቀሱ የጨረሩ መንገድ በየቅጽበቱ ይረዝማል፣ ያጥራል። ቆሞ የሚጠብቅን ነገር መምታት ቀላል ነው። የሚሸሸውን መስተዋት ግን በሄደበት ሁሉ እዚያው ቦታው ላይ ለማግኘት ጨረሩ ድልድዩና ራሱ ከሚሄዱበት ሃዲድ ጋር ትይዩ መሆን አለበት።

ዘዴው የተናቀ ይመስላል። በመስተዋቱ ፊት የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፤ ኃይሉ ዝቅ ይደረግና ክዳኑ ተዘግቶ ማሽኑ ለአፍታ ይተኮሳል፤ ፕላስተሩ ላይ ቡናማ ነጥብ ይቀራል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነጥቡ ከመሃል ወጥቶ ሲያየው ወዲያው ብሎኑን ይዞ ወደ መሃል ይገፋዋል፤ መሃል ላይ ሲያርፍም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መሃሉን መምታት ግን የቀጥታነት ማስረጃ አይደለም። ጠማማ ጨረርም በአንድ ርቀት ላይ በመሃል ያልፋል፤ ሁለት የሚጠላለፉ መንገዶች በአንድ ቦታ መገናኘታቸው አይቀርምና። ትክክለኛው ፈተና ፕላስተሩን በሁለተኛው መስተዋት ላይ ለጥፎ፣ ድልድዩን ወደ መጀመሪያው አቅርቦ አንድ ጊዜ፣ እስከ ዳር አርቆ ሌላ ጊዜ፣ በዚያው ፕላስተር ላይ መተኮስ ነው። ሁለቱ ነጥቦች አንዱ በሌላው ላይ ካረፉ፣ ከመሃል ርቀው ቢሆን እንኳ፣ ጨረሩ ከሃዲዱ ጋር ትይዩ ነው። ከተለያዩ አንዱ መሃሉን ቢመታም ጨረሩ ጠማማ ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ጉዞ የ1 ሚሊ ሜትር መለያየት የአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛ ያህል ስህተት ነው፤ ይህ ለዓይን ከምንም የማይቆጠር ማዕዘን በአንዱ ጥግ እንጨቱን አስቆርጦ በሌላው ጥግ ጭስ ብቻ ያስቀራል።

በአንድ ምስክር ቃል ፍርድ እንደማይሰጥ በአንድ ነጥብም መስመር አይጸናም። ብራና ጸሐፊዎች ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ጸሐፊው ቀለም ሳይነካ በፊት የብራናውን ግራና ቀኝ ዳር በወስፌ ይወጋል፤ ከዚያ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያሰምራል፤ ፊደሉ የሚቆመው በሁለት የተወጉ ቀዳዳዎች መካከል በተዘረጋው መስመር ላይ ነው። የሌዘሩ ሥራ ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ጸሐፊው ነጥቦቹን መርጦ መስመሩን ይሠራል፤ የማሽኑ ባለቤት ግን አስቀድሞ የተዘረጋውንና የማያየውን መስመር ከነጥቦቹ ተነስቶ መገመት አለበት።

ነጥቦቹ ሲለያዩ ብሎኑ የሚዞረው የሩቁ ነጥብ ወደ ቅርቡ እንዲመጣ ነው። የማዕዘን ስህተት ከርቀት ጋር ያድጋል፤ ስለዚህ ስህተቱ ገና ሳያድግ ጨረሩ የት እንደነበረ የሚናገረው የቅርቡ ነጥብ ነው። ሁለቱ ከተገጣጠሙ በኋላ ከመሃል ርቀው ቢገኙ ብሎኑ አይነካም፤ የሚነሳው ቱቦው ወይም የመስተዋቱ መቀመጫ ነው፣ ቀጭን ካርቶን ወይም ቆርቆሮ ከሥሩ እየተደረገ። አቅጣጫና ቦታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን በሌላው ለማረም የሚሞክር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ብሎን ሲያዞር ያድራል። ሥራው ከቱቦው ጀምሮ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፦ መጀመሪያ አንደኛው መስተዋት፣ ያለቀለት እንደሆነ ሁለተኛው፣ በመጨረሻ በአራቱም ማዕዘን ወደ ራሱ የሚገባው ነጥብ። ሦስቱ ማዕዘኖች ተስማምተው አራተኛው ብቻ ካፈነገጠ ጥፋቱ የመስተዋቶቹ ላይሆን ይችላል፤ በመጓጓዣ የተጣመመ ሣጥን ሃዲዶቹን አጣሞ ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ ነገሩ ወደ እግሮቹና ወደ ድልድዩ ማሰሪያ ይመለሳል።

ዓይን በዚህ ሥራ ውስጥ ዳኛም ተጋላጭም ነው። 10.6 ማይክሮ ሜትር ጨረር ወደ ዓይን ውስጥ ሳይዘልቅ በፊተኛው ግልጽ ሽፋን ላይ ይቀርና እዚያው ያቃጥለዋል። ተራ ግልጽ አክሪሊክ ይህን ሞገድ ያስቀራል፤ የክዳኑ መስኮት የሚያገለግለው ለዚህ ነው። በቅርብ ዓመታት የተስፋፉት ሰማያዊ የዳዮድ መቁረጫዎች 450 ናኖ ሜትር ገደማ በሚሆን በሚታይ ብርሃን ይሠራሉ፤ ቱቦም ውሃም በየቦታው የተበተነ መስተዋትም የላቸውም። ብርሃናቸው ግን ግልጹን አክሪሊክ ሳይቆርጥ ያልፈዋል፣ በዓይንም ውስጥ አልፎ እስከ ኋላው መጋረጃ ይደርሳል። ለአንደኛው የተሠራ መነጽር ለሌላኛው አይሆንም።

ሌንሱ የሚፈተነው በተዘነበለ እንጨት ነው። አንድ ጠፍጣፋ እንጨት በአንድ ጫፉ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥና ማሽኑ በላዩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። መስመሩ ወፍራም ሆኖ ይጀምራል፣ እየቀጠነ ይሄዳል፣ እንደገና ይወፍራል፤ ከሁሉ የቀጠነበት ቦታ ከሌንሱ ያለው ርቀት የማሽኑ ትክክለኛ ከፍታ ነው። በኬ40 ላይ የተለመደው ሌንስ የትኩረት ርቀቱ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይሁንና አንዳንዱ ሌንስ ከፋብሪካ ተገልብጦ ገብቶ ይመጣል፣ ጉብታው ወደ ላይ መሆን ሲገባው ወደ ታች። የሙከራው መልካምነት የተጻፈውን ቁጥር የማይሻ መሆኑ ነው፤ እንጨቱ ያሳየው ከፍታ ከቁጥሩ ቢለይ የሚታመነው እንጨቱ ነው።

የሚቆረጠው ነገር ምርጫ ለአፍታም የሚያዘናጋ አይደለም። ፒ ቪ ሲ ከቶ አይቆረጥም፤ ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳና ብረቱን የሚበላ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል። ሰው ሠራሽ ቆዳ ብዙ ጊዜ ፒ ቪ ሲ ስለሆነ፣ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ቆዳ ከማሽኑ ይራቅ። እንጨቱም ቢሆን ጭሱ በቬንትሌተር ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ከራሱ አጠገብ የሚነፋ አየር ነበልባሉን ያጠፋል፣ ሌንሱንም ከጥላሸት ይጠብቃል። እሳት ማጥፊያ በእጅ አቅራቢያ ይቀመጣል፤ ማሽኑ እየሠራ ሰው ከአጠገቡ አይለይም።

አሁን ማሽኑ ሊጠየቅ ይችላል። የተለመደው መጠይቅ የዳማ ጨዋታ ሰሌዳ የመሰለ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ፍጥነቱ፣ በሌላው ኃይሉ ደረጃ በደረጃ እየተለወጠ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይቆረጣሉ። ሦስት ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በሴኮንድ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ፍጥነት አካባቢ ሊበሳ ይችላል፤ ቱቦው እንዳይደክም ግን የአምፒር መለኪያው ከ15 ወይም ከ18 ሚሊ አምፒር ባያልፍ ይመረጣል። ሰሌዳው ሲያልቅ አንዳንዱ አራት ማዕዘን ይወድቃል፣ አንዳንዱ ሲገፋ ይወጣል፣ አንዳንዱ ጠርዙ ከስሎ ይቀራል። የሚፈለገው ሳይከስል የወደቀው ነው። ይህ ዕውቀት ግን ጠባብ ነው። የዚያው ኮምፔንሳቶ ሌላ ጫፍ ጉጥ ወይም ወፍራም ሙጫ ሊኖረው ይችላል፤ በክረምት እርጥበት የጠጣ እንጨት በበጋ ከተፈተነው ጋር አንድ አይደለም። ሰሌዳው የሚመሰክረው ስለ አንድ ማሽን፣ ስለ አንድ እንጨት፣ ስለ አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ እንዲናገር ማስገደድ ተገቢ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ፈተና የስፋቱ ነው። በኤውክሊድ ጂኦሜትሪ መስመር ርዝመት እንጂ ስፋት የለውም፤ በኮምፒውተር ላይ የሚሣለውም እንዲሁ ስፋት የሌለው መስመር ነው። ጨረሩ ግን ስፋት አለው። የሄደበትን እንጨት ወደ ጭስ ለውጦ ያልፋል፤ ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሣለው አራት ማዕዘን ከ20 ሚሊ ሜትር አንሶ ይወጣል፣ ሊሰካበት የተቆረጠው ቀዳዳ ደግሞ ሰፍቶ ይገኛል፣ ተገጣጣሚዎቹም ይላላሉ። በሣዩና በእንጨቱ መካከል ማንም ያልሣለው፣ የማንም ያልሆነ ቀጭን ባዶ አለ። ይህን ባዶ በማስመሪያ መለካት አይቻልም፤ ማብዛት ግን ይቻላል። እያንዳንዳቸው 10 ሚሊ ሜትር ተብለው የተሣሉ፣ ጠርዝ የሚጋሩ አሥር ቁራጮች ጎን ለጎን ይቆረጡና ተጠጋግተው ይለካሉ። 100 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረባቸው 98 ሆነው ከተገኙ፣ ጨረሩ በእያንዳንዱ ቁራጭ 0.2 ሚሊ ሜትር ወስዷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ የዚያን ግማሽ፣ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውጭ እንዲሰፋ ይታዘዛል፤ ቀዳዳዎቹም በዚያው ልክ እንዲጠቡ። ሁለቱ እንጨቶች ሲገጣጠሙ የሚሰማው ጠበቅ ያለ አገባብ የዚህ ሁሉ ሥራ የመጀመሪያ ደመወዝ ነው።

የተስተካከለ ማሽን እንደተስተካከለ አይቆይም። መስተዋቶቹ በጥላሸት ይደበዝዛሉ፣ በአልኮልና በለስላሳ ጥጥ ይጠረጋሉ፤ ብሎኖቹ ከሞተሩ ንዝረት ይላላሉ፤ በባልዲው ውሃ ውስጥ አልጌ ይበቅላልና ውሃው ይለወጣል። ቱቦው ባይሠራም ጋዙ ቀስ በቀስ እየተበላሸ ያረጃል፤ ትናንት በ10 ሚሊ አምፒር የተቆረጠው ዛሬ 12 ይጠይቃል። ለዚህ ሲባል የመጀመሪያው የሙከራ ሰሌዳ አይጣልም። ቀኑ፣ የእንጨቱ ዓይነትና የመለኪያው ቁጥር ተጽፎበት ከማሽኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ በየጥቂት ወሩ አንድ አዲስ ከጎኑ ይቃጠልና ሁለቱ ይተያያሉ። ልዩነታቸው ከመስተዋት መጥረግ በኋላም ካልጠበበ ቱቦው ይለወጣል፤ አዲሱ ቱቦ በገባ ዕለትም በመጀመሪያው መስተዋት ላይ የወረቀት ፕላስተር እንደገና ይለጠፋል።